እማዬ ሻንጣዬን አገኘችው

ጥያቄ

ይድረስ ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ፤

እንደምን ሰነበቱ? ጽሑፎችዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። አንድ ቀን እኔም እጽፍልዎታለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

የ26 ዓመት ሴት ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት ጅማ ነው። እዚያው ጅማ፣ መርካቶ የሚባለው ሰፈር አካባቢ አንድ ልብስ ስፌት ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ዩኒፎርም፣ መጋረጃ፣ በዓል ሲደርስ ደግሞ የሐበሻ ቀሚስ እሰፋለሁ። አባቴ ካረፈ ሰባት ዓመቱ ነው። ከእማዬና ከታናሽ ወንድሜ ጋር ነው የምኖረው። እማዬ ዳንቴል እየሠራች በመሸጥ ነው ያሳደገችን።

ነገሩ የጀመረው ልጅ ሆኜ ነው። ስምንት ዓመት ቢሆነኝ ነው። እማዬ ገበያ ስትሄድ ሳጥኗን ከፈትኩ። ከጋቢውና ከጥልፍ ቀሚሷ ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አገኘሁ። ሮዝ የውስጥ ልብስ ነው። ረዥም፣ ማንገቻው ቀጭን፣ ጫፉ ላይ ዳንቴል የዞረበት። የናፍታሊኑ ሽታ አሁንም አፍንጫዬ ላይ አለ። ከልብሴ በላይ ደርቤው መስታወት ፊት ስሽከረከር እማዬ ደረሰች። በጥፊ አለችኝ። ልብሱን ከዚያ ወዲህ አይቼው አላውቅም።

አሁን ማታ ማታ የውስጥ ልብስ እሰፋለሁ። ከስፌት ቤቱ የሚተርፈውን ሳቲን እሰበስባለሁ። ሰልባጅ ጡት መያዣ እገዛና ፈትቼ አሠራሩን አጠናለሁ። ወደ ሠላሳ የሚጠጉ አሉኝ። ሻንጣ ውስጥ፣ አልጋዬ ሥር። ለወንድ ብዬ አይደለም የሰፋኋቸው። በቃ ሳያቸው ደስ ይለኛል።

ቶሮንቶ ያለች የአክስቴ ልጅ ደግሞ ከሁለት ዓመት በፊት በርሌስክ የሚባል የመድረክ ትርኢት መማር ጀመረች። ቀን አረጋውያን ትንከባከባለች፤ ማታ ትለማመዳለች። ቪዲዮ ትልክልኛለች። ወፍራም አለች፣ ቀጭን አለች፣ የልጆች እናት አለች። በሚያብረቀርቅ ልብስ ይወጣሉ። ይጨፍራሉ፣ ይቀልዳሉ፣ ጓንታቸውን ቀስ ብለው ያወልቃሉ። ሰው ይስቃል፣ ያጨበጭባል። እኔም በሬን ቆልፌ፣ ሙዚቃውን በጆሮ ማዳመጫ እየሰማሁ እሞክረዋለሁ። ሰው ቢያየኝ ብዬ ተመኝቼም አውቃለሁ። ይህን ስጽፍልዎ እጄ ይንቀጠቀጣል።

የሰፋኋቸውን ልብሶች ብቻ፣ ያለ ሰው፣ ቴሌግራም ላይ መለጠፍ ጀምሬ ነበር። አንድ የአዲስ አበባ ሰው ጻፈልኝ። ፕሮሞተር ነኝ ይላል። አንድ ቤት ውስጥ ለተመረጡ እንግዶች ትርኢት ካሳየሁ በሌሊት ሃያ ሺህ ብር እንደሚከፍለኝ ነገረኝ። ለብሼ የተነሣሁትን ፎቶ ጠየቀኝ፤ ፊቴ የማይታይበት ሁለት ላክሁለት። ጓደኛዬን ይዤ ልምጣ ስለው "ሙድ ታበላሻለች" አለኝ።

ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስመለስ ሻንጣው የለም። እማዬ አንድ ቃል አልተናገረችም። እራት አቀረበች። ቡና አፈላች። እስከ ዛሬ ዝም ብላለች። ዝምታዋ ከያኔው ጥፊ ይብሳል።

ታምሜ ይሆን? አዲስ አበባ ልሂድ? ወይስ ሁሉን ነገር አቃጥዬ ልተወው?

ባለሻንጣዋ ነኝ፣ ከጅማ


መልስ

ውድ ባለሻንጣዋ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ቢሮ፣ ሁለተኛ ቤት ገብቼ ጫማዬን አውልቄ። ሁለተኛው ንባብ ላይ ነው የገባኝ።

አልታመምሽም። እሱን አስቀድሜ ልንገርሽ። ጨርቅ መውደድ በሽታ ከሆነ የመርካቶ ነጋዴ ግማሹ አልጋ በያዘ ነበር። መታየት መፈለግም በሽታ አይደለም። ሰው አዲስ ልብስ ለብሶ በዓል ላይ የሚወጣው ለምን ይመስልሻል?

አንድ ነገር ግን አስተዋልኩ። ስለ አዲስ አበባው ሰውዬ የጻፍሽልኝ ጥቂት መስመር ነው፤ እሱም ቶሎ ቶሎ። ስለ እናትሽ ሮዝ ልብስ ስትጽፊ ግን ማንገቻውን፣ ዳንቴሉን፣ ሽታውን ሳይቀር ነገርሽኝ። ልብሽ የቱ ጋ እንዳለ ከዚያ ገመትኩ። ከተሳሳትኩ አርሚኝ።

እንደሚመስለኝ ሦስት ነገር አንድ ሻንጣ ውስጥ አጭቀሻል። ጨርቁ፣ መድረኩና ሰውዬው። ስለተጨናነቁ አንዱ ሲነካብሽ ሁሉም የተነካ ይመስልሻል። እማዬ ሻንጣውን ስታነሣ ሦስቱንም ያነሣችብሽ መሰለሽ። እስቲ እናውጣቸው። በሰውዬው እንጀምር፤ እሱ ይቀላል።

አትሂጂ።

በዚህ ዓምድ "አድርጊ፣ አታድርጊ" ማለት አልወድም። ዛሬ ግን እላለሁ። የቤቱን ስም አልነገረሽም። እንግዶቹ እነማን እንደሆኑ አታውቂም። ፎቶ አስቀድሞ ጠየቀ። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እኩለ ሌሊት ላይ አንድ ነገር ቢያስፈራሽ ባጃጅ ይዘሽ ቤትሽ የምትገቢበት መንገድ አይደለም። ሃያ ሺህ ብር ዩኒፎርም ለምትሰፋ ልጅ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ስለጓጓሽ አልፈርድብሽም። ግን ጓደኛዬን ላምጣ ብትይው "ሙድ ታበላሻለች" አለሽ። እህቴ፣ መልሱን እኮ ራሱ ሰጠሽ። የእውነት ትርኢት የሚያዘጋጅ ሰው ጓደኛሽ አሥር ሰው ይዛ ብትመጣ ደስ ይለዋል፤ ትኬት ይሸጥላታል።

ስለ ሁለቱ ፎቶዎች አትደንግጪ። ሦስተኛ ግን አትላኪ። "አልመጣም" በይው። ምክንያት አትደርድሪለት፤ ምክንያት ከሰጠሽው ይከራከርሻል። የጻፈልሽን ሁሉ ስክሪንሾት አድርገሽ አስቀምጪ፣ ከዚያ ብሎክ አድርጊው። "እለጥፈዋለሁ" ብሎ ቢያስፈራራሽ አንድ ብር እንዳትልኪ፤ አንዴ የከፈለ ደጋግሞ ይከፍላል። እንዲህ ያለው ማስፈራራት በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስጠይቃል። ፖሊስ ጣቢያ ብቻዬን መግባት ይከብደኛል ካልሽ ያቺን ጓደኛሽን ይዘሽ ሂጂ። ሙድ የምታበላሸውን።

አሁን ወደ መድረኩ። እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ። ምክንያቱም የአክስትሽ ልጅ የምታደርገውንና ሰውዬው የሚጠይቅሽን አንድ ነገር አድርገሽ ያየሻቸው መሰለኝ።

በርሌስክ የሚለው ቃል የመጣው "ቡርላ" ከሚል የጣሊያንኛ ቃል ነው። ቀልድ፣ ፌዝ ማለት ነው። መጀመሪያ ላይ ሥራው በታላላቅ ሰዎችና በታወቁ ድርሰቶች ላይ ማሾፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1868 ሊዲያ ቶምፕሰን የምትባል እንግሊዛዊት ሴት ተዋንያን አስከትላ ኒውዮርክ ገባች። ሴቶቹ የወንድ ገጸ ባሕርይ ይጫወቱ ነበር። ዘመኑ የሴት ቁርጭምጭሚት እንኳ የሚሸፈንበት ስለነበር በታይት ብቅ ሲሉ አገር ተናወጠ። ጋዜጦች ወረዱባቸው። ቶምፕሰን ታዲያ እ.ኤ.አ. በ1870 ቺካጎ ላይ፣ ስሟን ሲያጠፋ የከረመውን የጋዜጣ አዘጋጅ መንገድ ላይ አግኝታ በአለንጋ ገረፈችው። (ይህን እንደ ምክር አትውሰጂው። ሳነበው ግን ብቻዬን ስቄአለሁ።)

ልብስ እያወለቁ መጫወቱ ጎልቶ የመጣው በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ጂፕሲ ሮዝ ሊ የምትባል አሜሪካዊት ነበረች። አንቺ ልብስ ሰፊ ስለሆንሽ ይህ ይገባሻል። ልብሷን በስፒል ታያይዘው ነበር። መድረክ ላይ ሰውን በወሬ እያሳቀች ስፒሉን አንድ በአንድ ትነቅላለች። አንድ ጓንት አውልቃ እስክትጨርስ ሰው ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል። ብዙ ሳታወልቅ ነበር የምትወርደው። በገነነበት በአሜሪካም ቢሆን ነገሩ በሰላም አልኖረም፤ የኒውዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1937 ለበርሌስክ ቤቶች ፈቃድ ከልክላ አዘጋቻቸው። እንደገና ነፍስ የዘራው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው።

ከዚያ ዘመን ሰዎች መካከል ዲታ ቮን ቲስን ሳታያት አትቀሪም። ትልቅ የመጠጥ ብርጭቆ ውስጥ ገብታ የምትታጠበዋ። እ.ኤ.አ. በ1972 ሚሺጋን ውስጥ ነው የተወለደችው። ታሪኳ ያንቺን ይመስላል የምለው ለብርጭቆው አይደለም። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ የውስጥ ልብስ የሚሸጥ ሱቅ ተቀጥራ ትሠራ ነበር። ከዚያ የድሮ አልባሳትን ታሪክ ተማረች። መድረኩ ከዚያ በኋላ መጣ። ጨርቁ ነው የቀደመው።

እነዚህን ሴቶች የጠራሁልሽ እነሱን ሁኚ ብዬ አይደለም። አንድ የሚጋሩት ነገር ስላለ ነው። ቶምፕሰን ቡድኑን የምትመራው ራሷ ነበረች። ጂፕሲ ስፒሉ መቼ እንደሚነቀል የምትወስነው ራሷ ነበረች። የአክስትሽ ልጅም ዘፈኗን ራሷ መርጣ፣ ልብሷን ምናልባት ራሷ አስጊጣ፣ የት ጋ እንደምታቆም አውቃ ነው የምትወጣው። ጓንቱ የባለጓንቷ ነው። ሰውዬው ባቀረበልሽ ነገር ውስጥ አንቺ የምትወስኚው ምን ነበር? እስቲ ፈልጊ። እኔ አጣሁ።

ለአክስትሽ ልጅ ደውዪላት። ቪዲዮ ላይ የማይታየውን ጠይቂያት። ክፍሉ ውስጥ መጀመሪያ የተማረችው ምንድን ነው? አብዛኛውን ጊዜ አካሄድ፣ አቋቋምና ጓንት ነው የሚያስተምሩት። ለልብሱ ስንት አወጣች? አገኘችበት ወይስ ከሰረችበት? እዚያም አብዛኞቹ ቀን ሌላ ሥራ ያላቸው ሴቶች ናቸው። አዳራሹ ውስጥ ስልክ ማውጣት ይፈቀዳል? በመድረክ ስም ነው የምትጠራው ወይስ በራሷ? እና ደግሞ አክስትሽ ያውቃሉ? ይህን ስጠይቅሽ እየቀለድኩ ነው፤ እየቀለድኩም አይደለም። ቶሮንቶ ሆና ከእናቷ የምትደብቅ ከሆነ አንቺ ጅማ ሆነሽ ብትፈሪ ምን ይገርማል?

ጅማ ላይ በይፋ ልሥራው ብትዪኝ ደግሞ እውነቱን እነግርሻለሁ። አሁን አልመክርሽም። የወንጀል ሕጋችን በአደባባይ ከመልካም ጠባይ ውጭ የሆነ ድርጊትን ይቀጣል፤ ምን ከመልካም ጠባይ ውጭ ነው የሚለውን ደግሞ አንቺ አትወስኚም። ከሕጉ በፊት ግን ስልኩ አለ። አንድ ሰው ስልኩን ብድግ ቢያደርግ ነገሩ በማግስቱ ከፈረንጅ አራዳ እስከ ጅሬን ይደርሳል። ያኔ ዕዳው ያንቺ ብቻ አይሆንም። ወንድምሽ ሰፈር ውስጥ ይሰማዋል። እናትሽ ዳንቴል የምትሸጥላቸው ሴቶች ዓይናቸው ይለወጣል። ትክክል ነው አላልኩም። በእኛ አገር መድረክ ላይ የወጣች ሴት ስድብ ሳትቀምስ ያለፈችበት ዘመን የለም። አስናቀች ወርቁ ክራሯን ይዛ ስትወጣም፣ ቴአትር ስትሠራም የሚሰድባት አልጠፋም፤ በኋላ ግን አገር አከበራት። መካከሉ ላይ ያሉትን ዓመታት የኖረቻቸው እሷ ናት። አንቺ ያን ልትከፍዪ ትፈልጊያለሽ? ምናልባት አንድ ቀን አዎ ትዪ ይሆናል። ዛሬ፣ በአንድ ቴሌግራም መልእክት ተጎትተሽ ግን አይሁን።

መድረክ ሲባል ደግሞ የግድ አዳራሽና ወንድ ተመልካች አይደለም። ጅማ ያደግሽ ልጅ ነሽ። በሙስሊም ጎረቤቶችሽ ሠርግ ሴቶቹ ለብቻቸው ገብተው በሩ ሲዘጋ ያለውን ጨዋታ ታውቂዋለሽ። ስንቷ ጨዋ ወይዘሮ ናት እዚያ ወገቧን የምታስለቅቀው! አሁን አሁን ሚዜዎች ለሙሽራዋ የሚያዘጋጁላትም ምሽት አለ። የምታምኛቸውን ሁለት ወይም ሦስት ሴቶች ጥሪ። ስልኮች ሁሉ ሰፌድ ላይ ይቀመጡ። ረዥም ቀሚስና ጓንት ልበሺ። አንድ ዘፈን ብቻ። ጓንቱን አውልቂና ተቀመጪ።

ከዚያ ራስሽን አዳምጪ። ደስ ያለሽ ሲያጨበጭቡልሽ ነው? ወይስ አንዷ "ይህን ማን ሰፋልሽ?" ስትልሽ? ሁለቱም ጥሩ ነው። መንገዳቸው ግን ይለያያል።

የእኔን ግምት ከጠየቅሽኝ ሁለተኛው ነው። ስለዚህ ስለ ጨርቁ እናውራ።

ሠላሳ ልብስ! በቁራጭ ሳቲን፣ ማታ ማታ፣ ሰልባጅ እየፈታሽ ተምረሽ። ይህ እኮ ትምህርት ቤት ነው። የውስጥ ልብስ ስፌት ከዩኒፎርም ስፌት ስንት እጥፍ እንደሚያደክም ካንቺ በላይ ማን ያውቃል? ጨርቁ ያሟልጫል። ላስቲኩ ከልክ በላይ ከተሳበ ይኮማተራል፣ ካልተሳበ ይንዘላዘላል። የስፌቱ መስመር ገላ ላይ ስለሚያርፍ ቆዳ መፋቅ የለበትም።

የእኔን ጉድ ልንገርሽ። እስከ አርባ ዓመቴ ድረስ መጠኑ የማይሆነኝን ጡት መያዣ ነው የለበስኩት። ትከሻዬ ላይ የማንገቻው ቦይ ወጥቶ ነበር። የትከሻ ሕመም ይመስለኝ ነበር። አንዲት ልብስ ሰፊ ቀሚስ ልትለካኝ ሜትሯን ስትዘረጋ አየችና ሳቀችብኝ። ከጡት ሥር ዙሪያዬን ለካች፣ ከዚያ ጡት ላይ ለካች፣ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት አሰላች። "ክብደቱን መሸከም ያለበት ከሥር የሚዞረው ነው እንጂ ማንገቻው አይደለም" አለችኝ። አርባ ዓመት ሙሉ ማንም አልነገረኝም ነበር።

አሁን የጅማን ገበያ አስቢ። ስንት ሴት ናት ላስቲኩ ያለቀ ሰልባጅ ከክምር ውስጥ እየመዘዘች፣ በዓይኗ ለክታ የምትገዛ? ሱቅ ገብታ ወንድ ሻጭ ፊት መጠኗን መናገር የምታፍረው ስንት ናት? የምታጠባ እናት ከፊት የሚከፈት ትፈልጋለች። በጡት ካንሰር ምክንያት አንድ ጡቷ በቀዶ ሕክምና የወጣላት ሴት ደግሞ ከውስጥ ኪስ ያለው ያስፈልጋታል፤ ምትኩን የምታስገባበት። ይህን የሚሰፋላት የት ታገኛለች?

ይህን ስል ፍቅርሽን በግድ ወደ በጎ አድራጎት ልቀይረው አይደለም። እንደሱ ያለ ነገር ይሰለቸኛል። ቀይ ሳቲን ስለሚያምር ብቻ ቀይ ሳቲን መስፋት ይቻላል። የሙሽራ የውስጥ ልብስም አለ፤ ሙሽሮች ለአንድ ቀን ቀሚስ ያን ሁሉ ገንዘብ ከፍለው ከሥሩ ያገኙትን ይለብሳሉ። ያንቺ ዓይን እዚያ ላይ ይሠራል።

በትንሹ ጀምሪ። ሦስት ሴቶች ምረጪ። ለኪያቸው፣ ስፊላቸው፣ ለብሰው አንድ ሳምንት ይዋሉበትና የት ጋ እንደቆረቆራቸው ይንገሩሽ። የጨርቁን፣ የላስቲኩን፣ የመንጠቆውንና የሰዓትሽን ዋጋ ደብተር ላይ ጻፊ። ሰዓትሽን እንዳትረሺ፤ ልብስ ሰፊዎች ሁልጊዜ እሱን ትረሳላችሁ። ቀጣሪሽ ማሽኑን ከሥራ ሰዓት በኋላ በትንሽ ኪራይ ይሰጥሽ እንደሆነ ጠይቂው። ምን እንደምትሰፊ ማስረዳት ከከበደሽ "የሴት ልብስ" ማለት ውሸት አይደለም። ቴሌግራሙን ደግሞ አትዝጊው። ልብሱን የጅማ በርጩማ ላይ ዘርግተሽ በመስኮት ብርሃን አንሺው። ገላሽ እዚያ ውስጥ መግባት የለበትም። ጥሩ ሥራ በርጩማ ላይም ያምራል። መልእክት የሚጽፍልሽን ወንድ "ለሚስትዎ ነው? እሳቸው ይደውሉልኝ" በዪው። ብዙዎቹ እዚያው ይቀራሉ።

የቀረችው እማዬ ናት። እሷን መጨረሻ ያደረግኋት ስለከበደችኝ ነው።

እናትሽ ሻንጣውን ስትከፍት ምን አየች? አንቺ የምታስቢው ኃጢአትሽን አየች ብለሽ ነው። ሊሆን ይችላል። ሰባት ዓመት ብቻዋን ልጅ ያሳደገች ሴት ናት፤ የመጀመሪያ ሐሳቧ "ልጄን ማን ወሰዳት?" ቢሆን አትፍረጂባት። ግን ደግሞ ዳንቴል የሠራች እጅ ናት። ሠላሳውን ልብስ አንድ በአንድ ሳታገላብጥ የቀረች አይመስለኝም። የጫፉን ስፌት ሳታይ አልቀረችም። የሱቅ እንዳልሆነ፣ ወንድ የገዛልሽ እንዳልሆነ፣ በእጅሽ የሠራሽው እንደሆነ ሳይገባት ይቀራል? ዝም ያለችው ምናልባት ተናዳ አይደለም። ምን ብላ እንደምትጀምር ጠፍቷት ይሆናል።

ደግሞ ያን ጥፊ አስቢው። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ "ጥፋት አጥፍቼ ተመታሁ" ብለሽ ይዘሽዋል። እስቲ ከወዲያ በኩል እዪው። እናትሽ ያኔ ስንት ዓመቷ ነበር? ካሁኑ ዕድሜሽ ብዙ የምትርቅ አይመስለኝም። በጋዜጣ ጠቅልላ፣ ከጋቢ ሥር ደብቃ፣ ናፍታሊን አድርጋ ያስቀመጠችው የራሷ ነገር ነበራት። ከገበያ ስትመለስ ልጇ ለብሳው መስታወት ፊት ቆማለች። የዚያን ቀን የተገኘባት ማን ነበር? እኔ እንደሚመስለኝ እሷ ነበረች። የመታሽም ደንግጣ ነው።

አንቺ ሳጥኗን ከፈትሽ። እሷ ሻንጣሽን ከፈተች። ከእንግዲህ የምትደባበቁት ብዙ ነገር የለም።

ሮዙን ልብስ ማን ሰጣት? ራሷ ገዛችው? ከየት? አባትሽ አምጥቶላት ይሆን? ዳንቴሉስ የራሷ እጅ ይሆን? መቼ ለበሰችው? ለብሳውስ ታውቃለች? እኔ በጣም ጓጉቻለሁ፤ አንቺ ደግሞ ጠይቀሻት እንኳ አታውቂም።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። ወንድምሽ ከቤት የወጣበትን እሑድ ምረጪ። ቡናውን አንቺ አፍዪው። በአቦል አትጀምሪ፤ ቶና ይድረስ። ከዚያ "እማዬ፣ ልጅ ሆኜ ሳጥንሽን ከፍቼ ነበር፤ ይቅርታ አልጠየቅሁሽም። ያ ሮዝ ልብስ ግን የት ገባ?" በያት። በዚህ ቁሚ። በርሌስክ የሚባል ቃል አታንሺ፣ ቶሮንቶን አታንሺ፣ ሰውዬውን አታንሺ። ሰውዬውን ለጓደኛሽ ንገሪ፤ የእናትሽ የመጀመሪያ ወሬ እሱ መሆን የለበትም። ራሱ ቀጥሎ ካስፈራራሽ ያኔ ትነግሪያታለሽ።

"ዝም በይ" ልትልሽ ትችላለች። ልትቆጣ ትችላለች። ሲኒውን ሰብስበሽ እጠቢ። አልተሳካም ማለት አይደለም፤ ጥያቄው ቤት ውስጥ ገብቷል። ካለቀሰች አብረሽ ተቀመጪ። "ለማን ነው የምትለብሺው?" ካለችሽ ያለውን ተናገሪ፤ "ለማንም አይደለም፣ መስፋቱን ነው የምወደው" በያት። ለእኔ እንደዚያ ብለሽ ነው የጻፍሽው፤ አምኜሻለሁ። እሷም የእጅ ሥራ የምትወድ ሴት ስለሆነች ይገባት ይሆናል።

ማቃጠሉን ተዪው። ደግሞስ ሻንጣው እሷ ጋ እያለ ምኑን ታቃጥያለሽ? የት እንዳደረገችውም የዚያን ቀን አትጠይቂያት። ስለ ሮዙ ብቻ ጠይቂ። ሻንጣው በራሱ ጊዜ ይመለሳል።

ሲመለስልሽ ታዲያ ልብሶቹን አውጥተሽ አናፍሺያቸው፤ ሁለተኛም አልጋ ሥር አታስገቢያቸው። የጅማ ክረምት እንደሆነ ታውቂዋለሽ፣ ሳቲን ቶሎ ይሻግታል።